ማጭድ የማያያቸው ነፍሳት



ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን የዒድ ገበታ ነው። በዒደል አድሃ ዕለት ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ሳለ፣ የአሥራ አራት ዓመቷ የእህታችን ልጅ ሥጋ እንዳይቀርብላት ጠየቀች። ጠዋት በጉ ሲታረድ አይታለች። «እኔ ከእንግዲህ ሽሮ ይበቃኛል፤ ለሽሮ ማንም አይሞትም» አለች። አባቷ ተቆጣ። እናቷ በሳቅ ልታሳልፈው ሞከረች። ጥግ ይዘው ተስቢሓቸውን ይቆጥሩ የነበሩት አያቷ ግን ቀና ብለው፣ «ለሽሮ ማንም አይሞትም ያለሽ ማነው ልጄ? አንቺ እርሻ አይተሽ አታውቂም» አሏት።

ገበታው ተነሣ፤ ቡናው ተፈላ፤ ወሬውም ወደ ሌላ ዞረ። ነገሩ ግን ከልጅቷ ልብ አልወጣም፤ ከእኛም አልወጣም። ለመሆኑ ሽሮ ሆኖ የሚቀርብልን ሽምብራ፣ እንጀራ ሆኖ የሚዘረጋልን ጤፍ የስንት ፍጡር ነፍስ አልፎበት ነው የሚመጣው? በጉ ሲታረድ የአላህ ስም ተጠርቶበታል፣ ቢላዋው ተስሎለታል፣ ሥጋው ለድሃና ለጎረቤት ተከፋፍሏል። በማሳ ውስጥ ስለሚሞተው ግን ማን ምን አለ?

አያቲቱ የተወለዱት አቃቂ ነው። ታናሽ ወንድማቸው ዛሬም ከከተማው ጫፍ በቀረቻቸው መሬት ያርሳሉ። «በአጨዳ ጊዜ ውሰዷትና ትይ» ብለውን ስለነበር፣ በኅዳር ማብቂያ በአንድ ቅዳሜ ማለዳ ልጅቷን ይዘን ወደ አቃቂ ወረድን።

ከሳሪስ አቦ ወዲያ ያለውን መንገድ ብዙዎቻችን የምናውቀው ወደ ቢሾፍቱ ስንሄድ በመስኮት እያየን ነው። ቃሊቲ ሲባል ትዝ የሚለን ማረሚያ ቤቱ፣ የከባድ መኪናው ሰልፍ፣ የጉምሩኩ ግርግርና እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር መድረሻ ነው። አቃቂ ሲባል ደግሞ ፋብሪካ ነው ትዝ የሚለን። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ በዚሁ ያልፍ ነበርና ፋብሪካዎቹ ሐዲዱንና ወንዙን ተከትለው ሰፈሩ። ከፋብሪካዎቹ ጀርባ ግን ሌላ አቃቂ አለ። መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር የተነጠፈበት ሜዳ ነው፤ በክረምት ጭቃው ጫማ ያወልቃል፣ በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ምስርና ጓያ ይበቅልበታል። ይህ ሜዳ ከዓመት ዓመት እየጠበበ መጥቷል። ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ላይ የቆሙት ኮንዶሚኒየሞች ትናንት ማሳ ነበሩ። ከእኛም መካከል አንዱ ዕጣ ደርሶት የሚኖረው ከእነዚሁ ሕንፃዎች በአንዱ ነውና፣ በገበሬው ላይ ለመፍረድ አፋችንን ስንከፍት ይህን ማስታወስ ነበረብን።

ማሳው ዘንድ ስንደርስ ፀሐይዋ ገና አልጠነከረችም። ዐሥር የሚሆኑ የደቦ አጫጆች በተርታ ጎንበስ ብለው ጤፉን ያጭዳሉ። ልጅቷ መጀመሪያ ያየችው ሰዎቹን ሳይሆን ከኋላቸው በእርጋታ የሚራመዱትን ነጫጭ ሽመላዎች ነው። እነዚህ ወፎች የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው፣ መካከለኛውን ምሥራቅ አቋርጠው፣ የዓባይን ሸለቆ ይዘው የሚመጡ እንግዶች ናቸው። የአቃቂ ሜዳና ከታች ያለው የአባ ሳሙኤል ረግረግ ለወፎች የታወቀ ማረፊያ ነው፤ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው የአገሪቱ ዋና ዋና የወፍ ስፍራዎች መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ሽመላዎቹ የሚጠብቁት ቃርሚያ አይደለም። ማጭዱ ጤፉን ባነሣ ቁጥር ከሥር ፌንጣ ይዘልላል፣ እንቁራሪት ይወጣል፣ አይጥ ይሮጣል። አንዱ ሽመላ አንገቱን ሰበር አድርጎ አንድ ነገር ብድግ አደረገ፤ ሁለት ጊዜ ነቀነቀውና ዋጠው። ሰማዩ ላይ ደግሞ ጭልፊቶች ይዞራሉ።

«ማጭዱ ብዙ አይገድልም» አሉን ሐጂ። (ባለ ማሳው ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ሐጅ አድርገው የተመለሱ ሽማግሌ ናቸው፤ አካባቢው ሁሉ «ሐጂ» እያለ ስለሚጠራቸው እኛም እንደዚያው እንላለን።) «ማጭዱ ጣራቸውን ነው የሚያነሣባቸው። ጣራ የሌለውን ሌላው ይበላዋል።»

ሐጂ በዓይናቸው ያዩትን ነገር እንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች በመሣሪያ ለክተውታል። ቲውና ማክዶናልድ የተባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት 33 የማሳ አይጦች አንገት ላይ የሬዲዮ ምልክት አስረው አጨዳው ሲያልፍ ተከታተሏቸው። ማጨጃው መኪና በቀጥታ የገደለው አንዷን ብቻ ነበር። በቀጣዮቹ ቀናት ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መሸሸጊያ አጥተው የጉጉትና የሌሎች አዳኞች ሲሳይ ሆኑ። እንግዲህ ይህን ሞት በማን ላይ እንጻፈው? በማጭዱ? በጉጉቱ? ወይስ እንጀራውን በሚበላው?

ረፋድ ላይ ከአጫጆቹ አንዱ ጮኸ። ከእግሩ ሥር ድርጭት ፍርር ብላ ተነሥታ ከማሳው ማዶ ወደቀች። ጎንበስ ብለን ስናይ በጤፉ ሥር በምትገኝ ጎድጓዳ ቦታ ዘጠኝ ዝንጉርጉር እንቁላሎች ተደርድረዋል፤ ሁሉም በአንድ የቡና ሲኒ የሚገቡ ይመስላሉ። ሐጂ ምርኩዛቸውን አምጥተው ከጎጆዋ አጠገብ ተከሉና ለአጫጆቹ በኦሮምኛ አንድ ሁለት ቃል ተናገሩ። ሰዎቹ ዙሪያውን እያጨዱ አለፉ። በምርኩዙ ዙሪያ የመስገጃ ምንጣፍ የምታህል ጤፍ ብቻዋን ቆማ ቀረች።

«አባባ፣ ይህን ሁልጊዜ ያደርጋሉ?» አለች ልጅቷ።

«ያየሁትን ጊዜ ነው እንጂ፤ ያላየሁትንማ ምን አደርገዋለሁ?»

«ያላዩት ብዙ ነው?»

«ከማየው ይበዛል።»

ለማባበል ብለው ሌላ ነገር አልተናገሩም። ጥቂት ቆይቶ አንድ ወጣት አጫጅ ማጭዱን በሣር ሲጠርግ አየችው። ቀርባ ተመለከተች። የአይጥ ጎጆ ነው፤ ገና ፀጉር ያላበቀሉ ቀያይ ግልገሎች፣ ከፊሎቹ ተቆርጠዋል፣ ከፊሎቹ ይንቀሳቀሳሉ። ወጣቱ ልጅቷን ሲያይ አፈረ፤ በእግሩ አፈር መለሰባቸው። እርሷም ወደ ግራሩ ጥላ ሄዳ ለብቻዋ ተቀመጠች። ያመጣናት እንድታይ ነበር፤ ስታይ ግን ባላመጣናት አልን።

ዙሁር ከተሰገደ በኋላ በግራሩ ሥር ምሳ ቀረበ። እንጀራ በሽሮ ነው። ልጅቷ አልበላችም። ሐጂ አላስገደዷትም። ቁርአን ትቀሪ እንደሆነ ጠየቋት፤ አዎን አለች። ሱረቱን-ነምልስ? እርሱንም ታውቀዋለች።

ታሪኩን አንባቢያን ሁሉ ያውቁታል። ነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ.) ከሰው፣ ከጂንና ከወፍ የተሰባሰበ ሠራዊታቸውን አሰልፈው ሲጓዙ ከጉንዳኖች ሸለቆ ይደርሳሉ። አንዲት ጉንዳን ወገኖቿን፣ ሱለይማንና ሠራዊቱ ሳያውቁ እንዳይረግጧችሁ ወደየቤታችሁ ግቡ ብላ ታስጠነቅቃለች። ሱለይማን ቃሏን ሰምተው ፈገግ ይላሉ፤ ስለተዋለላቸው ጸጋ እንዲያመሰግኑና በጎ ሥራ እንዲሠሩ አላህ እንዲያግዛቸው ይለምናሉ።

«የጉንዳኗን ዳኝነት ተመልከቺ» አሉ ሐጂ። «ሞት ሊመጣባት እያየች ሰዎቹን ጨካኞች አላለቻቸውም፤ ሳያውቁ ነው አለች። እኔም በማርስበት ዘመን ሁሉ በዚህች ቃል ነው የምጽናናው። ሞፈሬ ስንት የጉንዳን ቤት አፍርሷል? አውድማው ላይ በሬዎቼ ስንቱን ረግጠዋል? አላህ ያውቃል። እኔ አላውቅም፤ አላሰብኩትምም።»

በሸሪዓችን ይህ ትልቅ መሠረት ነው። በስሕተት ለሠራነው ሳይሆን ልባችን አስቦ ለፈጸመው እንደምንጠየቅ ቁርአን በሱረቱል አሕዛብ ያስተምራል። እርሻም የተመሰገነ ሥራ ነው፤ ሙስሊም ከዘራው ወፍም፣ ሰውም፣ እንስሳም ቢበላ ሶደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ተነግሯል። ስለዚህ ማንም ሰው ጤፍ ስለዘራ ነፍሰ ገዳይ ሊባል አይገባም። ገበሬውን እንደዚያ የሚያይ ሰው ካለ የሚበላውን ከየት እንደሚያመጣ ይንገረን።

ልጅቷ ግን በዚህ አልረካችም። «ሱለይማን ከሰሙ በኋላ ምን አደረጉ?» ብላ ጠየቀች። አንዳንድ የተፍሲር ሊቃውንት፣ ጉንዳኖቹ ገብተው እስኪጨርሱ ሠራዊቱን ከሸለቆው አፋፍ አቆሙት ብለው እንደጻፉ ነገርናት። ጥቂት አሰበችና፣ «እንግዲያው ከሰሙ በኋላማ ‹ሳያውቁ› አይባልም ነበር» አለች።

ሐጂ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ያልጠየቅናቸውን ነገር አወሩን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጎተራቸውን አይጥ ፈጀባቸው። ከገበያ የአይጥ መርዝ ገዝተው ከእህል ጋር ለውሰው በጎተራው ሥር አኖሩ። አይጦቹ ሞቱ። በሦስተኛው ቀን የቤቷ ድመት፣ በሳምንቱ ከግራሩ ላይ የምታድር ጉጉት ሞታ ተገኘች። «ለድመቷ አላሰብኩትም ነበር። አይጥ ነው የገደልኩት፤ አይጥ መግደል ተፈቅዷል። ይሁን። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ አይጡ መጣ። ያ መርዝ ጎጆው ላይ ተሰክቶ ነበር። እጄን ዘረጋሁና መለስኩት። አሁንማ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ።»

«ታዲያ አይጡን ምን አደረጉት?»

«ጎተራውን ከመሬት ከፍ አደረግሁት፤ እግሮቹ ላይ ቆርቆሮ አለበስኩ። አሁንም ይበላኛል። ያን ያህል ግን አይደለም።»

አይጥ ጉዳት አድራሽ በመሆኗ እንድትገደል ከተፈቀዱት አንዷ እንደሆነች በሐዲስ ተነግሯል። ሆኖም ሲታረድም ሲገደልም አሠራሩን ማሳመር ግዴታ መሆኑን ያስተማሩን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ናቸው። ድመት አስራ በረኃብ የገደለችውን ሴትና የተጠማ ውሻ ያጠጣውን ሰው ታሪክ የነገሩንም እርሳቸው ናቸው። ያለ ተገቢ ምክንያት የተገደለች ድንቢጥ እንኳ ጥያቄ እንዳላት የሚያስተምር ሐዲስ በነሳኢ ተዘግቧል።

ከምሳ በኋላ ወሬው ወደ ሥጋና ወደ እህል ተመለሰ። በውጭው ዓለም በዚህ ጉዳይ ምሁራን ተሟግተውበታል። እ.ኤ.አ. በ2003 ስቲቨን ዴቪስ የተባሉ የአሜሪካ የእንስሳት ሳይንስ ምሁር፣ በእህል ማሳ የሚሞተው ትንንሽ እንስሳ ብዙ ስለሆነ ሣር የሚግጥ ከብት መብላት ምናልባት ያነሰ ነፍስ ያጠፋል ብለው ጻፉ። ጋቨሪክ ማቲኒ የሚባሉ ሌላ ጸሐፊ በዚያው ዓመት መልስ ሰጡ፦ መቆጠር ያለበት በአንድ ሄክታር የሚሞተው ሳይሆን ለአንድ ሰው ምግብ ሲባል የሚሞተው ነው፤ አንድ ሄክታር እህል ከአንድ ሄክታር ግጦሽ እጅግ የበዛ ሰው ይመግባልና ስሌቱ ይገለበጣል አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ፊሸርና ላሚ የተባሉ ሁለት ሰዎች የቀደሙትን ግምቶች ቢደምሩ በአሜሪካ ማሳዎች በዓመት ከ7 ቢሊዮን በላይ እንስሳት ይሞታሉ የሚል ቁጥር እንደሚወጣ አሳዩ፤ ወዲያውም ቁጥሩ እጅግ የተጋነነ ሊሆን እንደሚችል ራሳቸው አስረዱ።

ይህን ሁሉ ለሐጂ ስንተርክላቸው ሳቁ። «የእኔ በሬ እኮ ያርሳል፣ ያበራያል፣ ጭዱን ይበላል፤ ሲያረጅ ይታረዳል። እህሉን የት ጀምሬ፣ ሥጋውን የት ጨርሼ ልቁጠርላቸው?» አሉን። እውነታቸውን ነው። የአሜሪካው ክርክር እህልና ከብት በተለያየ አገር ላለበት ሕዝብ የተሠራ ነው። በአቃቂ ሜዳ ሁለቱ አንድ ሒሳብ ናቸው። ልጃችንም ሥጋ ትታ ሽሮ ብትበላ ማንም የሚከለክላት የለም፤ መብቷ ነው። ደም የሌለበት ገበታ አገኘሁ ካለች ግን ተሳስታለች፤ ይህንንም ጠዋት በዓይኗ አይታዋለች።

ሐጂን ይልቅ ያሳሰባቸው ኮምባይነር ነው። ከአንዳንድ ጎረቤቶቻቸው ለስንዴ አጨዳ ተከራይተውታል። ሥራውን በሰዓታት ይጨርሳል፤ የእህል ብክነቱንም ይቀንሳል ይባላል። «ግን ሹፌሩ ከላይ ተቀምጦ ድርጭት አያይም፤ አይሰማምም» ይላሉ። እኛም ያነበብነውን አጫወትናቸው። በስኮትላንድ ኮርንክሬክ የምትባል በሣር ውስጥ የምትፈለፍል ወፍ በማጨጃ መኪና ልታልቅ ስትል፣ ገበሬዎች ከዳር ወደ መሐል ማጨድ ትተው ከመሐል ወደ ዳር ማጨድ ጀመሩ፤ ጫጩቶቹ ከመሐል ታፍነው እንዳይቀሩ ሩጠው ማምለጫ አገኙ። በጀርመን ደግሞ ሣር ከመታጨዱ በፊት ሙቀት የሚያይ ካሜራ የተገጠመለት ድሮን እያበረሩ የተኙ የአጋዘን ግልገሎችን ፈልገው ያወጣሉ። ድሮኑ ሐጂን አላስደነቃቸውም። ከመሐል ወደ ዳር የሚለውን ግን ሁለት ጊዜ አስደገሙን፤ በምርኩዛቸውም መሬት ላይ ሥለው አዩት። «ይህ ገንዘብ አይጠይቅም» አሉ።

ዐስር ሲቃረብ ወደ ወንዙ ወረድን። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ ከተማዋን አቋርጠው በአባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ግድብ የአገራችን የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ነው። ዛሬ ውኃው ላይ እምቦጭ ተንጣሎበታል፤ ወንዙም የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ እየተሸከመ ይመጣል። በዚሁ ውኃ በወንዙ ዳር ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመንና ካሮት ይለማል። እኛ የከተማ ሰዎች በየገበያው የምንገዛው ከዚህ ነው።

አንድ ወጣት ፓምፑን በጀርባው አዝሎ ጥቅል ጎመን ላይ መድኃኒት ይረጫል። አፉንና አፍንጫውን በሻሽ ሸፍኗል፤ እጁና እግሩ ግን ባዶ ነው። በመደቡ መካከል ባለው ቦይ ሁለት እንቁራሪቶች ሆዳቸውን ሰማይ አሳይተው ተንሳፈዋል። በጎመን ዘሩ አበባ ላይ ንቦች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ መሬት ላይ እየተሽከረከሩ መነሣት አቅቷቸዋል። ስለ ንብ አንድ ሙሉ ሱራ በስሟ እንደወረደ ልጅቷ ታውቃለች። ምንም አልተናገረችም፤ አንዷን በቅጠል አንሥታ ጥላ ላይ አስቀመጠቻት።

ወጣቱን ምን እንደሚረጭ ጠየቅነው። «የትል መድኃኒት ነው» አለን። ዕቃውን ስናየው ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። ፓይረትሮይድ ከሚባለው ወገን ነበር፤ ይህ ዓይነቱ መርዝ ለሰው ከሌሎቹ ይሻላል ቢባልም ለዓሣና ለንብ ግን ብርቱ ነው። ወጣቱ ማንበብ አይችልም፤ የሸጠለትም ሰው አልነገረውም። ሥራውን ሲጨርስ ፓምፑን ወንዙ ውስጥ ነክሮ አጠበው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የወጣቱን ሥራ ከአጫጁ ማጭድ ጋር በአንድ ሚዛን ልናስቀምጠው እንችላለን? ሁለቱም ሳያስቡ ነው። ማጭዱ ግን አንድ ጊዜ ያልፋል፤ ማሳው በሚቀጥለው ክረምት መልሶ ጎጆ ይሆናል። መርዙ ወንዙን ይዞ ይወርዳል። ከአባ ሳሙኤል ወደ አዋሽ፣ ከአዋሽ ወደ ቆቃ ሐይቅ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2014 በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዳር በሚኖሩ ዓሣ በሊታ ወፎች አካል ላይ የተደረገ ጥናት ዲዲቲንና ዝርያዎቹን አግኝቷል። ዲዲቲ እኮ ብዙ አገሮች ከእርሻቸው ካገዱት አምሳ ዓመት ያለፈው መርዝ ነው፤ አሜሪካዊቷ ሬቸል ካርሰን የወፎቹን መጥፋት የሚያስጠነቅቅ መጽሐፏን ያሳተመችው እ.ኤ.አ. በ1962 ነበር። በአገራችንም በየመጋዘኑ ለዓመታት የተከማቸ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተለቅሞ ወደ ፊንላንድ ተልኮ ሲቃጠል መጠኑ ከ1,000 ቶን በላይ ነበር። ይህን ሁሉ ያወቀ ሰው፣ ያወቀ መንግሥት፣ ያወቀ ነጋዴ፣ አውቆም ያልነገረ፣ በጉንዳኗ ቃል መጠለል የሚችል አይመስለንም። ወጣቱ ገና ይችላል፤ ማንም አልነገረውምና።

ስለዚህ ነገርነው። መምህር መስለን እንዳንታየው እየፈራን፣ ንቦች ወደ ቀፎ ከገቡ በኋላ ምሽት ላይ ቢረጭ፣ አበባ ላይ ባይረጭ፣ ፓምፑንም ከወንዙ ርቆ በማሳው ላይ ቢያጥብ የተሻለ እንደሆነ አወራነው። አዳመጠን። ከዚያም፣ «ምሽት ላይ ማን ይጠብቀኛል? እኔ የቀን ሠራተኛ ነኝ፤ መሬቱም ጎመኑም የእኔ አይደለም። እናንተ ደግሞ ትል ያለበት ጎመን አትገዙም» አለን። መልስ አልነበረንም። ቤታችን ትል የበላው ጎመን ሲገባ ወደ ገበያ የምንመልሰው እኛው ነን። ከእንግዲህ ላለመመለስ በመንገድ ላይ ተስማምተናል፤ ባለቤቶቻችን ምን እንደሚሉ ግን ገና አልጠየቅንም።

ስንመለስ አጨዳው አልቋል። ነዶው ተሰብስቦ ክምሩ ተጀምሯል። በተራቆተው ሜዳ መካከል የሐጂ ምርኩዝና በዙሪያዋ የቀረችው ጤፍ ብቻ ቆመዋል። ድርጭቷ መመለስ አለመመለሷን ለማየት ልጅቷ ልትቀርብ ስትል ሐጂ ከለከሏት፤ ሰው ካንዣበበባት አትመጣም አሏት። ምርኩዛቸውን እዚያው ትተው በእጃቸው ዱላ ቆርጠው ሸኙን። ለአያቲቱም አንድ ቁና ሽምብራ ላኩ።

ማታ ቤት ስንደርስ አያቲቱ የጠየቁት ስለ ሽምብራው ነበር። ልጅቷ ግን ያየችውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻቸው፤ የአይጦቹንም፣ የንቦቹንም። ሽሮ ሲቀርብ ቢስሚላህ ብላ በላች። ሥጋውን በተመለከተ እስካሁን አልወሰነችም፤ አባቷም መቆጣቱን ትቷል።

በሳምንቱ ለሐጂ ስልክ ደወለች። ከጎጆዋ ቅርፊት ብቻ እንደቀረ ነገሯት። ተፈልፍለው ይሁን ሸለምጥማጥ በልቷቸው ለይተው አላወቁም። ቅርፊቱ በዙሪያው እኩል የተቆረጠ ነው ወይስ የተሰባበረ ብላ ጠየቀቻቸው፤ ከአንድ መጽሐፍ ላይ አንብባ ኖሯል። «ዓይኔ ደክሟል ልጄ፤ መጥተሽ አንቺው እዪው» አሏት። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ወደ አቃቂ ልንወርድ ነው።